«አማረ፣ ፉል» ያሉኝ ሽማግሌ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከዛሬ አሥር ዓመት ግድም በፊት ነው። ወሩ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ፣ በእኛ የካቲት መሆኑ ነው። ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ ትናንት መነጽሬን የት እንዳኖርኩ ዛሬ አላውቅም። ይህን ግን አልረሳሁትም። ቁጭ ባልኩበት ትዝ ይለኝና ያቁነጠንጠኛል። ተነስቼ በመስኮት አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ልጄ «አባዬ፣ ምን ሆነው ነው?» ትለኛለች። ምንም እላታለሁ። እሷስ ምን ታድርግ ብላችሁ ነው።

ሰው የገጠመውን የምታወጡበትን ገጽ ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እስቲ እኔም ልሞክረው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የተሳሳትኩትን እያቃናችሁ አንብቡልኝ።

ስሜ አማረ ነው። ይህን ማወቃችሁ ለነገሩ ያስፈልጋል። አገሬ ሳለሁ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ። እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ፓርኪንግ እሠራ ነበር፤ ኑሮዬም እዚያው ከልጄ ጋር ነው። ሥራ ላይ ደረቴ ላይ ስሜ የተጻፈበት ባጅ ይንጠለጠላል። መኪናውን የሚያቆመው ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ ገበያም ሆነ መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው በስሜ ሲጠራኝ አይገርመኝም፤ «አቤት» ብዬ ሰላም እለዋለሁ፣ በቃ።

ያን ቀን ኦፍ ነበርኩ። ታኮማ ፓርክ የሚኖር የታመመ ወዳጅ ነበረኝ፤ እሱን ጠይቄ ስመለስ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ሐበሾች የምናዘወትረው ምግብ ቤት ጎራ ልበል ብዬ ባስ ያዝኩ። ብርድ ነው። ከመንገዱ ዳር የተገፋው በረዶ ጠቁሮ ድንጋይ መስሏል።

ባሱ ውስጥ ከፊት ለፊቴ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በእድሜ ይበልጡኛል። መልካቸው የህንድ ነው፣ ጺማቸው ነጭ። ወፍራም ካፖርት ደርበዋል፤ ከሥሩ እስከ ጉልበት የሚደርስ ነጭ እጀ ጠባብ ይታያል። ካፖርታቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘች ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ አለች። ሐዘን ላይ ናቸው ማለት ነው አልኩ በልቤ። ጉልበታቸው ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ጎመን መሰለኝ።

ሰውዬው እረፍት የላቸውም። ባሱ በቆመ ቁጥር ይነሳሉ፣ ጥቅላቸውን ወንበሩ ላይ አድርገው አንገታቸውን ወደ ውጭ ያሰግጋሉ፣ ይመለሳሉ። ሰው ሲጨነቅ ሳይ እኔም አብሬ የምጨነቅ ነኝ። ምን ጠፍቷቸው ይሆን እያልኩ ሲልቨር ስፕሪንግ ደረስን። እኔ ስወርድ እሳቸውም ተከትለውኝ ወረዱ።

ባሱ በሩን ዘግቶ ሄደ። ጥቂት እንደተራመድኩ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

«አማረ! ፉል!»

«አቤት» ብዬ ዞርኩ። ሽማግሌው ናቸው። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይጮኻሉ። አሁንም «አማረ ፉል» አሉ፣ ጥርት አድርገው።

መቼም ፓርኪንጉ የሚመጡ ደንበኛ ይሆናሉ፣ ባጄን አንብበው ስሜን ይዘውታል ብዬ ጠጋ አልኩና እጃቸውን ጨበጥኩ። እጄን ይዘው ብዙ ተናገሩ። አንድም አልገባኝም። በመሃል በመሃል ግን «አማረ» ይላሉ፣ «ፉል» ይላሉ፣ መንገዱን ያመለክታሉ። የእኔ እንግሊዝኛ የመኪና ቁልፍ መቀበያ ያህል ናት፤ በእሷ ሞከርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ያቺም የለቻቸውም።

ያመለከቱበትን አቅጣጫ ባይ፣ ባሱ የሄደበት መንገድ ነው። እዚያው መንገድ ላይ ደግሞ እኔ የምሄድበት ምግብ ቤት አለ። ነገሩ ገባኝ መሰለኝ። ቤቱን ያውቁታል፣ ፉል በልተውበታል፣ እኔንም እዚያ አይተውኛል። እንግዲህ ሰው ርቦት በስምህ ጠርቶ ምግብ ሲልህ ምን ትላለህ? «ይምጡ» ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

ምግብ ቤቱ የወይዘሮ አስናቀች ነው። ከሰዓት በኋላ ብዙ ሰው የለም። ግርማ የሚባል ባለታክሲ፣ ነገረኛ ግን ደግ ልጅ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ሁለታችንን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ።

«ጋሽ አማረ፣ የህንድ ዘመድ እንዳለዎት ደብቀውን ኖረዋል?»

«የምን ዘመድ። መንገድ ላይ ስሜን ጠርተው ፉል አሉኝ።»

«በቃ? እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? አማረ፣ ክትፎ።»

«አርፈህ ቁጭ በል አንተ» አለችው ወይዘሮ አስናቀች፤ «ለሽማግሌው ወንበር ልቀቅ። ጋሽ አማረ፣ በዚህ ሰዓት ፉል አልሠራም፣ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

ፉሉ መጣ። ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው፣ ትኩስ ዳቦው ሁሉ አለ። ከፊታቸው አኖርኩላቸው። ሽማግሌው ሰሃኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ሰሃኑን አዩ። ከዚያ እጃቸውን እያወዛወዙ «ና፣ ና» አሉኝ።

ይበልጡኛልና «ና» ቢሉኝ አልቀየምም። ወንበሬን ሳብ አድርጌ ጠጋ አልኩ። «ና፣ ና» አሉ አሁንም። ጠጋ አልኩ። ጉልበታችን ሊነካካ ደረሰ። እሳቸው ግን «ና» ማለታቸውን አልተዉም፣ ዓይናቸውም እንባ እያቀረረ ነው።

«ጋሽ አማረ» አለ ግርማ፣ «ከዚህ በላይ ከተጠጉ ጭናቸው ላይ ነው የሚቀመጡት።»

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ብድግ ብለው በሩን ከፍተው ወጡ።

መጀመሪያ ይመለሳሉ ብዬ ነበር። አልተመለሱም። ልቤ አላርፍ ስትለኝ ተከትዬ ወጣሁ። ሽማግሌው በእግረኛ መንገዱ ላይ የሉም። ባሱ ወደሄደበት አቅጣጫ በመኪናው መንገድ መሃል ይሄዳሉ። አንዲት መኪና ጥሩምባዋን ለቀቀችው። ጎማዋ ሲንሸራተት ሰማሁ። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፤ ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ያን ቀን ብቻ ነው የሮጥኩት። የካፖርታቸውን ጀርባ ጨምድጄ ጎተትኳቸው። መኪናዋ አጠገባችን ቆመች። ሹፌሯ በመስኮት የሆነ ነገር ብላን ሄደች።

እጃቸውን ብይዘው በረዶ ነው። «አማረ ፉል» አሉኝ ቀስ ብለው፣ እንደ መለመን አድርገው። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ፉሉ ቀርቧል፣ አማረም ይኸው ቆሟል። ታዲያ እኚህ ሰው የሚጠይቁኝ ምንድነው?

ይዣቸው ተመለስኩ። ግርማ አሁን አይቀልድም። «ጋሽ አማረ፣ እኚህ ሰውዬ ጠፍተዋል» አለኝ። «ፖሊስ ኮል ላድርግ።»

«አድርግ» አልኩት። ግን አልቆረጠልኝም። ፖሊስስ መጥቶ በምን ያናግራቸዋል? ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። በሩን ደጋግሜ አያለሁ፤ እንደገና ቢወጡ ብዬ።

ግርማ ስልኩን እንዳነሳ ከጓዳ ሰዓዳ እጇን እየጠረገች ብቅ አለች። ሰዓዳ እዚያ ቤት ምግብ የምታበስል ልጅ ናት፤ አሜሪካ ከመምጣቷ በፊት ዱባይ ሰው ቤት ለዓመታት ሠርታለች።

«ምንድነው የሚሉት?» አለች።

«ፉል ይላሉ፤ ስንሰጣቸው አይበሉም» አለች ወይዘሮ አስናቀች።

ሰዓዳ ትንሽ አዳመጠች። ጎንበስ ብላ «ቻቻ፣ ባንግላ?» አለቻቸው።

እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። የሰውዬው ፊት እንደ መስኮት ተከፈተ። እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ንግግሩን ለቀቁት። ሰዓዳ እየሳቀች «ቀስ፣ ቀስ ይበሉ» ትላለች በአማርኛ፣ ከዚያ በእነሱ ቋንቋ አንድ ሁለት ቃል ትጨምራለች።

«ቻቻ አጎቴ ማለት ነው፤ ባንግላ ነው የሚናገሩት» አለችን። «የባንግላዴሽ ሰው ናቸው። ዱባይ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ነበረች፤ እሷ አማርኛ እኔ የእሷን ስንማማር ነበር። ግን እኔ የማውቀው የጓዳውን ብቻ ነው። ውሃ፣ ሩዝ፣ ቶሎ በይ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን።»

«እሺ ስሜን ከየት አወቁት?» አልኳት።

ሰዓዳ አፏን በእጇ ያዘች። «ጋሼ፣ ስምዎን አይደለም እኮ። ‹አማር› ማለት ‹የኔ› ማለት ነው በእነሱ።»

«ና ያሉኝስ?»

«ና ማለት እንቢ፣ የለም ማለት ነው።»

ግርማ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። «ሰውዬው አይሆንም፣ አይሆንም ሲሉ ጋሽ አማረ እየተጠጉ ነበር?»

ወይዘሮ አስናቀችም ሳቀች። እኔ ለመሳቅ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም። «ፉልስ?» አልኩ። «ፉልስ ምንድነው?»

ሰዓዳ አሰበች። «ፉል… ፉል… አውቀዋለሁ። አሠሪያችን ከግቢ አምጡ ስትለን ያቺ ልጅ ፉል ትለው ነበር…» ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ካለው የፕላስቲክ አበባ ላይ አረፈ። አነሳችውና አሳየቻቸው። «ፉል?»

ሽማግሌው አዎ በሚል ራሳቸውን በኃይል ነቀነቁ። «አማር ፉል» አሉ።

የኔ አበባ።

ያ በጋዜጣ የተጠቀለለው ጎመን መጣብኝ። ባሱ ውስጥ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። ሰውዬው ሲጮኹ የነበረው ለእኔ ሳይሆን ለሄደው ባስ ነው። መንገድ መሃል የገቡት እሱን ሊከተሉ ነው። እኔ ደግሞ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ባቄላ ወስጃቸዋለሁ።

ወይዘሮ አስናቀች አዘነች። የፕላስቲኩን አበባ ጠቅልላ «ይህን ይያዙ በሏቸው» አለች። ሽማግሌው አይተውት «ና፣ ና» አሉ። አሁን ሁላችንም ገባን፤ እሳቸውም ሳቃችንን አይተው ትንሽ ሳቁ። የመጀመሪያዬ ነው ጥርሳቸውን ሳይ።

ግን ወዲያው ተመልሰው ተጨነቁ። በመስኮት የውጭውን ብርሃን ያያሉ። ሊመሽ ነው። ለሰዓዳ የሆነ ነገር ደጋግመው ነገሯት።

«ማ ይላሉ፤ ማ እናት ነው» አለች። «ባሻ ደግሞ ይላሉ። ባሻን አላውቀውም።»

«ባሻማ ማዕረግ ነው» አለ ግርማ። «ጋሽ አማረን ሾመዋቸዋል።» ማንም አልሳቀለትም።

«እናት እና አበባ» አለች ሰዓዳ። «የእናታቸው መቃብር ላይ አበባ ሊያኖሩ ነው መሰለኝ። ሙት ዓመቷ ይሆናል ዛሬ።»

ጥቁሯ ጨርቅ ትዝ አለችኝ። ልክ ናት አልኩ። እናቱ መቃብር ላይ ሳይደርስ የሚመሽበትን ሽማግሌ አሰብኩ። ግን የት አገር ነው መቃብሩ? ለማንስ ነው የምንደውለው? ግርማ ግንባሩን ሲያሽ ቆየና «ቆዩ እስቲ» አለ። «ኤርፖርት ስንሰለፍ ሁልጊዜ ከእኔ ፊት የሚቆም ባንግላዴሻዊ ሹፌር አለ። ቁጥሩ አለኝ።»

ደወለለት። ነገሩን በእንግሊዝኛ ነገረውና ስልኩን ለሽማግሌው ሰጣቸው። ሲናገሩ ዓይኔን ከፊታቸው ላይ አላነሳሁም። እነዚያ እኔ የሰማኋቸው ሁለት ሦስት ቃላት በምን ያህል ብዙ ቃል መሃል ይኖሩ እንደነበር ያን ጊዜ አየሁ። ሰውዬው ሲቆጡ፣ ሲያስረዱ፣ ሲቀልዱም ጭምር ይመስላሉ። እኛ ዘንድ «የአፍ መፍቻ ቋንቋ» የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። እስከዚያች ደቂቃ አፋቸው ታስሮ ነበር።

ግርማ ስልኩን መልሶ ሰማና ዘጋው። «የእናት መቃብር አይደለም ይላል። ዛሬ የእናት ቋንቋ ቀን ነው አለኝ። አሌክሳንድሪያ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው አበባ ያኖራሉ።»

«ለቋንቋ? አበባ?» አለች ወይዘሮ አስናቀች።

«እኔም አልገባኝም። እሳቸው ግን መቅረት የለባቸውም አለ። ልጃቸውን ፈልጌ እደውላለሁ ብሏል።»

ጥቂት ቆይቶ ተደወለ። ልጃቸው ታኮማ ፓርክ ነው የሚኖረው። ከሥራ መጥቶ ሊወስዳቸው ነበር። እሳቸው መጠበቅ አቅቷቸው አበባቸውን ይዘው ብቻቸውን ወጥተዋል። ልጁ ቤት ሲገባ ሲያጣቸው ጎረቤት ይዟቸው ሄዶ ይሆናል ብሎ አዳራሹ ድረስ ሄዷል፤ እዚያም የሉም። መጥቼ ልውሰዳቸው አለ። ሽማግሌው ከስልኩ አጠገብ ሆነው «ና፣ ና፣ ና» አሉ። እሱ መጥቶ እስኪመለስ ያልቃል ማለታቸው ነው።

«እኔ አደርሳቸዋለሁ» አለ ግርማ ቁልፉን እያነሳ። «ጋሽ አማረም ቤታቸው እዚያው ነው። ኑ እንሂድ።»

መጀመሪያ አንድ ሱፐርማርኬት በር ላይ አቆመልን። አበባ የተደረደረበት ጋ ሽማግሌው ቸኩለው እንኳ ዝም ብለው አላነሱም። እያሸተቱ፣ የጠወለገውን እየመለሱ መረጡ። ነጭ ያዙ። ልከፍል ስል እጄን ለመያዝ ሞከሩ፤ አሁን ተራው የእኔ ነበርና «ና፣ ና» አልኳቸው።

ከተማውን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌዩ ላይ፣ የሥራ መውጫ ሰዓት ነው። መኪናው ተቆላልፏል። የቀይ መብራት ሰልፍ እስከ ዓይን ማብቂያ ይታያል። ከኋላ ወንበር አብሬያቸው ተቀምጫለሁ። አበባውን ደረታቸው ላይ ይዘው ወደ ፊት ያዘነብላሉ። እኔም እግሬ የመኪናውን ወለል ይረግጣል፤ የጭነት መኪና ዘመኔ ልማድ ነው። ሲቆም እረግጣለሁ፣ ሲሄድ እረግጣለሁ።

«ጋሽ አማረ፣ ወለሉን ሊበሱብኝ ነው» አለ ግርማ።

«አንተ ንዳ።»

«በየት ልንዳ? ልብረር?»

ሽማግሌው ሰዓቴን ያዩና አንድ ነገር ይሉኛል። «እንደርሳለን» እላቸዋለሁ በአማርኛ። እሳቸው በራሳቸው ይመልሱልኛል። እንዲህ እንዲህ እያልን ድልድዩን ተሻገርን። ደረታቸውን መታ አድርገው «ሙስጠፋ» አሉኝ። ስማቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እኔም ደረቴን መትቼ «አማረ» አልኩ። ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «የኔ» ያልኩ መስሏቸው መሆን አለበት፤ የኔ ምን እንደምል ይጠብቁኝ ነበር። እንደገና «አማረ» ብዬ ደረቴን መታሁ። ቆይተው ገባቸው። ትከሻዬን ይዘው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

አዳራሹ ስንደርስ ሰዎች እየወጡ ነው። ከደጃፉ ጫማ ተደርድሯል። ሙስጠፋ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ፣ ካልሲያቸውንም። የቤተ ክርስቲያን ደጅ የደረስኩ መሰለኝና እኔም አወለቅሁ። ግርማ ቆመ።

«ጋሽ አማረ፣ እኔ ውጭ ልጠብቅ። ካልሲዬ ተቀዷል።»

«አውልቃትና ግባ። ማን እግርህን ያያል?»

ውስጥ ወንበር እየታጠፈ ነው። ከፊት ለፊት ከእንጨት የተሠራ ነጭ ነገር ቆሟል፤ መሃሉ ረጅም፣ አናቱ ልጇን ለማየት እንዳጎነበሰች እናት ጎንበስ ያለ፣ ከኋላው ትልቅ ቀይ ክብ። ሥሩ በአበባ ተሸፍኗል። አንድ ሰው ከዚያ በኩል እየሮጠ መጣና ሙስጠፋን አቀፋቸው። ልጃቸው ከማል ነው። እየተቆጣቸው ያለቅሳል፣ እያለቀሰ ይቆጣቸዋል። እሳቸው ግን እያዩት አልነበረም። በትከሻው ላይ አሻግረው ያንን ነጭ ነገር ነበር የሚያዩት።

ከዚያ የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት ሴት የያዘችውን ወንበር መሬት አኖረች። ሌላውም አኖረ። የወጡት ከደጅ ተመለሱ፣ ጫማቸውን እንደገና እያወለቁ። ማንም ማንንም አላዘዘም። ሰልፉ እንደ አዲስ ተሠራና ሙስጠፋን ከፊት አስቀደሟቸው። ባዶ እግራቸውን ቀስ ብለው ሄዱ። እኔን በእጄ ይዘውኝ ነበርና አብሬ ሄድኩ። አበባውን ካኖሩ በኋላ ብዙ ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ምን እንዳሉ አልጠየቅሁም።

በኋላ ከማል በእንግሊዝኛ ነገረን፣ ግርማ አስረዳኝ። ባሻ ማለት ለካ ቋንቋ ማለት ነው። በድሮ ጊዜ፣ አገራቸው ከሌላ አገር ጋር ተዳብላ ሳለች፣ መንግሥት ቋንቋችሁን አላውቅም፣ የሌላውን ተናገሩ ይላቸዋል። ተማሪዎቹ ባንግላ ይታወቅልን ብለው ሲወጡ ፖሊስ ተኩሶ ገደለ፤ ያ ነጭ ነገር የእነሱ መታሰቢያ ነው። ሙስጠፋ ያን ጊዜ ተማሪ ነበሩ። እዚያው ነበሩ። አጠገባቸው የነበረ ጓደኛቸው አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ያሉበት አገር የትም ይሁን፣ በዚያ ቀን አበባ ሳያኖሩ ቀርተው አያውቁም። አሁን ደግሞ ቀኑ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ዓለም ሁሉ ተቀብሎት የሁሉም ሰው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ሆኗል። «የእርስዎም ነው» አለኝ ከማል።

ቀጥሎ ማይክራፎን ሰጡኝ። እንግዳ በራሱ ቋንቋ የሆነ ነገር ይበል ተባለ። እኔ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ምን እላለሁ? የሆነውን በአማርኛ አወራሁላቸው። ማንም አልገባውም፣ ግን ዝም ብለው ሰሙኝ። «አማረ ፉል» ያልኩ ጊዜ ግን አዳራሹ በሙሉ ቀና አለ። «ና፣ ና» ስል ሳቁ። ሙስጠፋ አልሳቁም፤ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው እስክጨርስ አዳመጡኝ።

ልሄድ ስል ከማል ሸኘኝ፤ ግርማ መሃላችን ሆኖ ያስተረጉማል። «አባቴ እንግሊዝኛ አሳምረው ነበር የሚናገሩት» አለ። «ቢሮ ሠርተውበታል፣ እኔን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ከታመሙ ወዲህ ግን ጠፋባቸው። ከባንግላ ሌላ የቀራቸው የለም። የእኔ ልጆች ደግሞ ባንግላ አይችሉም። ቤት ውስጥ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በምልክት ነው የሚነጋገሩት።» ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ቋንቋቸውን የማይችል ሰው ግማሽ ቀን ሙሉ ለምን አብሯቸው ቆየ?

«ስሜን የጠሩኝ መስሎኝ ነዋ» አልኩት።

እሱ ሳቀ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ላይ ስጋደም ያ መልሴ ተመልሶ መጣብኝ። ስሜ ተስፋዬ ቢሆን ኖሮስ? ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ በማላውቀው ቋንቋ ሲጮህ እሰማለሁ፣ መንገዴን እቀጥላለሁ። መኪናዋም ትመጣለች። ከዚያ በላይ ማሰብ አልፈልግም።

ሙስጠፋ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማረፋቸውን ከግርማ ሰማሁ። እኔም እድሜዬ ገፍቷል። የልጅ ልጆቼ በአማርኛ ስጠራቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል። ደግ ልጆች ናቸው፣ አልቆጣቸውም። ግን ያቺ የቁልፍ መቀበያ እንግሊዝኛዬ አንድ ቀን ብትጠፋብኝ፣ ለአበባም ይሁን ለሌላ ነገር መንገድ ላይ ስጮኽ፣ ማን ነው የሚዞረው እላለሁ።

ስለዚህ እኔ እዞራለሁ። ባስ ውስጥ፣ ገበያ ውስጥ፣ ሰው በማላውቀው ቋንቋ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ከሰማሁ ዞር ብዬ አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ በስልክ የሚያወራ ነው። አንዳንዱ ምን ታያለህ በሚል ይገላምጠኛል። ልጄም «አባዬ፣ እዚህ አገር ሰው አፍጥጠው አያዩም» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን ካልዞርኩ እስከምወርድበት ድረስ አላርፍም።